ያልፈረመው ሰው

ቅዳሜ ጠዋት ሲኤምሲ ወይም ገርጂ አካባቢ ካፌ ጥግ ላይ አራት ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ከበው ሲነጋገሩ ማየት ለአዲስ አበባ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ከማኪያቶው ብርጭቆዎች መሐል በላስቲክ የተሸፈነ ካርታ ተዘርግቷል። ሻጭ ጣቱን ከድንበሩ መስመር ላይ አሳርፎ ጎረቤቶቹን ይቆጥራል። ገዢ ወረቀቱን በስልኩ ያነሳል። ደላላው «ንጹሕ ነው፣ ከዕዳና ከእግድ ነፃ ነው» እያለ ሁለቱን በየተራ ያያል። ለምስክርነት የተጠራው የገዢ ዘመድ ዝም ብሎ ያዳምጣል። ቀብድ ሊከፈል ነው። በዚህ ሰዓት ገዢው በልቡ የሚያብሰለስለው አንድ ነገር ነው፦ ይህ ሰው ይታመናል ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ቀዳሚው ግን እሱ አይደለም። ሻጩ በቃሉ የሚያድር፣ ሰው የመሰከረለት ሆኖ ሳለ ቤቱ ከገዢው እጅ ሊወጣ ይችላል፤ በቤቱ ላይ መብት ያለው ሌላ ሰው ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ላይኖር ይችላላ! ሰዎች ስለ ቤት ግዢ ደጋግመው የሚያነሷቸው የሕግ ጥያቄዎች ብዙ ይመስላሉ። ካርታው እውነተኛ ነው ወይ፣ ውል የት ይደረጋል፣ ቀብድ ይመለሳል ወይ፣ በውክልና መግዛት ይቻላል ወይ ይባላል። ሥራቸው ሲመዘዝ ግን ሁሉም ወደ አንድ ጥያቄ ይመጣሉ፦ መፈረም ሲኖርበት ያልፈረመው ማን ነው?

ከሁሉ በፊት የማይገኘው ባለመብት መንግሥት ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ በኢትዮጵያ መሬት የሚሸጥ ሰው የለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደንግጓል፤ በዚያው አንቀጽ ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ በገነባው ቋሚ ንብረት ላይ ሙሉ መብት እንዳለው፣ መሸጥና ማውረስም እንደሚችል ደንግጓል። ስለዚህ በካፌው ጠረጴዛ ላይ የሚሸጠው ግንቡና ጣሪያው ሲሆን፣ ቦታው ከመንግሥት ጋር ያለ የመጠቀም ግንኙነት ሆኖ ይከተላል። ይህ ልዩነት የትምህርት ቤት ነገር ቢመስልም ከከተማው ዳር ሲወጣ ሰው ያከስራል። ከገበሬ ላይ ባዶ ቦታ «ገዝቶ» በሦስት ሽማግሌ ፊት የፈረመ ሰው የያዘው ወረቀት ሕገ መንግሥቱ ራሱ ያልፈቀደው ውል ነው። የቀበሌ ቤት ቁልፍ የገዛም እንደዚሁ ነው፤ ተከራዩ የሚሸጠው ነገር የለውም። ሕጋዊ ካርታ ባለበትም ቢሆን ይዞታው ነባር ነው ወይስ ሊዝ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ለመኖሪያ የሚሰጠው ዘመን 99 ዓመት ሲሆን፣ ገዢው የሚረከበው የቀረውን ዘመንና ያልተከፈለውን የሊዝ ዕዳ ጭምር ነው። ነባር ይዞታም ከውርስ ውጪ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ሥሪት እንደሚገባ ያው አዋጅ ይናገራል። ሻጩ «ቅድመ አያቴ የኖሩበት ነው፣ ሊዝ የሚባል አያውቀውም» ሲል እውነቱን ነው፤ ለገዢው ግን ያ እውነት ላይቀጥል ይችላል።

ካርታው ራሱ ቀረብ ብሎ መነበብ አለበት። የባለይዞታው ስም፣ ክፍለ ከተማው፣ ወረዳው፣ የቦታው ስፋት በካሬ ሜትር፣ የተፈቀደው አገልግሎት፣ የድንበሩ ማዕዘኖች መለያ ቁጥሮች አሉበት። ብዙ ገዢ የሚያየው ስሙንና ማኅተሙን ነው። ስፋቱን በሜትር ለክቶ ከአጥሩ ጋር ያስተያየ ግን ካርታው 150 ካሬ እያለ አጥሩ 200 ካሬ ሲያቅፍ ሊያገኝ ይችላል፤ ያ 50 ካሬ የሻጩ ስላልሆነ አይሸጥም። ሰው ካርታን የባለቤትነት መጨረሻ አድርጎ ያየዋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ግን በአንቀጽ 1195 የሰጠው ደረጃ የሕግ ግምት ነው፤ ማለትም ካርታ የያዘ ባለቤት እንደሆነ ይገመታል። የሚቀጥለው አንቀጽ 1196 ያንን ግምት ማፍረስ የሚቻልባቸውን መንገዶች ይዘረዝራል፦ ካርታው ከሕግ ውጪ ወይም ሥልጣን በሌለው አካል ከተሰጠ፣ ዋጋ በሌለው ተግባር ላይ ተመሥርቶ ከሆነ፣ ወይም ካርታው ከተሰጠ በኋላ ሌላ ሰው ባለቤትነቱን አግኝቶ ከሆነ። ስለዚህ ሻጭ የሚያሳየውን ካርታ ፎቶ ኮፒ ብቻ አይቶ መክፈል ግማሽ ማጣራት ነው። ሌላው ግማሽ በይዞታ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ባለው ማኅደር ውስጥ ነው። ካርታውን የሰጠው መሥሪያ ቤት በማኅደሩ ውስጥ ያለውና ሻጭ በእጁ የያዘው አንድ መሆናቸውን እንዲያረጋግጥ ሳይደረግ የሚከፈል ገንዘብ በግምት ላይ የተመሠረተ ነው።

ውሉን በተመለከተ ደግሞ ከሁሉ ብዙ ሰው የሚስተው ቀብድ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1883 እና ተከታዮቹ ቀብድ መስጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው፤ ተዋዋዮቹ ሌላ ካልተስማሙ ደግሞ የሰጠው ሰው ቀብዱን ትቶ ውሉን ሊተው፣ የተቀበለውም እጥፍ መልሶ ሊተው ይችላል። እዚህ ድረስ የካፌው ጠረጴዛም በደንብ ያውቀዋል። ችግሩ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል የራሱ ፎርም ያለው መሆኑ ነው። አንቀጽ 2877 የቤት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ ዋጋ እንደሌለው ይናገራል፤ አንቀጽ 1723 ደግሞ ጽሑፉ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ1999 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 21448 በዚህ አንቀጽ መሠረት ያልተመዘገበ የቤት ሽያጭ ውል እንደማይጸና ወስኖ ነበር። ውሳኔው በሠፈር ሽማግሌ ፊት የተፈረሙ ብዙ ውሎችን አናጋ። በኋላ ችሎቱ ሻጩ የውሉን መኖር ካልካደ ባለመመዝገቡ ብቻ እንደማይፈርስ በመግለጽ አቋሙን አለዝቧል። ገዢ ከዚህ መጽናናት የለበትም። ያ ልዝብነት የሚሠራው ሻጩ በሕይወት ኖሮ፣ ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ ሸጬለታለሁ ሲል ነው። ሻጩ ቢሞትስ? ልጆቹ ስለ ካፌው ጠረጴዛ ምን ያውቃሉ?

በጣም ብዙ ክርክር የሚያስነሣው ግን የትዳር ጓደኛ ነው። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በአንቀጽ 63 ንብረት በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም እንኳ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ የጋራ እንደሆነ ይገምታል። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው፤ መንፈሱ ግን የተቀራረበ ነው። በአንቀጽ 68 የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ፣ ለመለወጥም ሆነ በመያዣ ለመስጠት የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ካርታው ላይ የባል ስም ብቻ ስላለ ባል ብቻውን ሊሸጥ አይችልም ማለት ነው። ያልተስማማችው ሚስት ነገሩን ባወቀች በ6 ወር ውስጥ፣ ቢዘገይ ደግሞ ውሉ ከተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲያፈርስላት ልትጠይቅ ትችላለች። ውል ማዋዋያው «ያላገባ» የሚል የወረዳ ማስረጃ ወይም የጋብቻ ወረቀት የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ማስረጃው ራሱ ግን ሁሉን አይሸፍንም። በዚያው ሕግ በአንቀጽ 102 ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት ቢያንስ 3 ዓመት አብረው የኖሩ ሰዎች በዚያ ጊዜ ያፈሩት ንብረት የጋራቸው ነው። ስለዚህ ወረዳው «ያላገባ» ብሎ የጻፈለት ሰው በእውነትም ያላገባ ሆኖ፣ ቤቱ ግን የሁለት ሰዎች ሊሆን ይችላል። የተፋታ ሻጭ ሲሆን ደግሞ የፍቺውን ውሳኔ ብቻ ማየት አይበቃም፤ የንብረት ክፍፍሉ በፍርድ ተጠናቆ ቤቱ ለማን እንደደረሰ የሚያሳየው ወረቀት ነው የሚፈለገው። ለገዢ ቀላሉ መንገድ ቤቱን ሲጎበኝ እዚያ የሚኖሩትን ሁሉ በስም ማወቅና ሁሉም እንዲፈርሙ መጠየቅ ነው። «እሷ አታውቅም፣ እኔ እነግራታለሁ» የሚል ሻጭ ሲያጋጥም ዋጋውን ከመከራከር በፊት መነሣት ይሻላል።

የውርስ ቤትም የዚሁ ታናሽ ወንድም ነው። ካርታው በሟች አባት ስም እያለ ታላቁ ልጅ «እኔ ነኝ የማስተዳድረው» ብሎ ይሸጣል፤ ሕጉ ግን ማስተዳደርንና ባለቤት መሆንን አንድ አያደርግም። ፍርድ ቤት የሰጠው የወራሽነት ማረጋገጫ ላይ የተዘረዘረው እያንዳንዱ ወራሽ ድርሻ አለው፤ ሁሉም መፈረም ወይም ማስፈረም አለባቸው። ከወራሾቹ አንዱ 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ ሲሆን ሞግዚቱ የሕፃኑን ቤት ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ መሸጥ አይችልም። ውጭ አገር ያለችው ታናሽ እህት በስልክ «ይሁን» ማለቷ በሕግ ፊት ምንም አይደለም። ሕጋዊ የሚሆነው በኤምባሲ የሰጠችው ውክልና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ፣ በሰነዶች ማረጋገጫ ተመዝግቦ፣ ቤት የመሸጥ ሥልጣን በግልጽ የሰጠ ሲሆን ብቻ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 ስለ ሁሉም ነገር የሚል አጠቃላይ ውክልና የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ እንደማይበቃ ስለሚደነግግ፣ ወረቀቱ ላይ «መሸጥ» የሚለው ቃል መኖሩ መነበብ አለበት።

ውክልና ሲነሣ ኮንዶሚኒየም ይነሣል። በ20/80 ፕሮግራም ዕጣ የወጣለት ሰው ቤቱን ለ5 ዓመት መሸጥ አይችልም። ገበያው ግን 5 ዓመት አልጠበቀም። ገዢና ሻጭ ሦስት ወረቀት ያዘጋጃሉ፦ ሻጭ ለገዢው ወይም ለገዢው ሰው ሙሉ ውክልና ይሰጣል፣ ሻጭ ትልቅ ገንዘብ እንደተበደረ የሚገልጽ የብድር ውል ይፈርማል፣ አንዳንዴም ቤቱን ለገዢው ያወረሰበት ኑዛዜ ይጨመራል። ሦስቱም ወረቀት ሲታይ ግንብ የተገነባ ይመስላል። አንድ በአንድ ግን ይመርመሩ። ውክልናን ወካዩ በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል፤ ሲሞትም በመርህ ደረጃ ያበቃል። ኑዛዜም ተናዛዡ እስኪሞት ድረስ የሚሻር ነው። የብድር ውሉ ገንዘብ ያስመልስ እንደሆነ እንጂ ቤት አይሰጥም፤ ገንዘቡም ሲመለስ በተጻፈው ቁጥር እንጂ በዛሬው የቤት ዋጋ አይደለም። ከ5 ዓመቱ በኋላ ሻጩ መጥቶ ስሙን ሲያዛውር ብዙዎቹ በሰላም ይጨርሳሉ፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ያ ሰላም የተገኘው ሻጩ በሕይወት ስለቆየና ቃሉን ስለጠበቀ ነው። ሕጉ ለገዢው ያደረገለት ነገር የለም።

ከዚህ ጋር የሚዛመደውና የበለጠ የሚያሳዝነው በዘመድ ስም የሚገዛ ቤት ነው። በቤይሩት ወይም በሪያድ በሰው ቤት ሠርታ ወር በወር የላከችው ገንዘብ በወንድሟ ስም ቤት ይሆናል። ዋሽንግተን ያለ ታክሲ ነጂ ለእናቱ ብሎ የገዛው ቤት በእህቱ ስም ይመዘገባል። የሕግ ግምቱ ካርታው ላይ ስሙ ላለው ስለሆነ ገንዘቡ የኔ ነው የሚለው ሰው የማስረዳት ሸክም ይወድቅበታል። ወንድሙ ባለትዳር ከሆነ ደግሞ በቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 63 ግምት መሠረት ሚስቱ የግማሽ ባለመብት ሆና ልትቀርብ ትችላለች። እሷ ምንም አልበደለችም፤ ሕጉ በትዳር ውስጥ የተገኘ ንብረት አድርጎ ስላየው ብቻ ነው። የውጭ ዜግነት የያዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ለዚህ መንገድ የሚሰጡት ምክንያት ባዕድ ሰው ቤት መያዝ ክልክል ነው የሚለው ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአንቀጽ 390 ጀምሮ ለባዕድ ሰው ከልክሎ የነበረው እውነት ነው። ሆኖም ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋጅ ቁጥር 270 ቢጫ ካርድ ላላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን ያ ክልከላ አይሠራም። በራስ ስም መግዛት እየተቻለ በዘመድ ስም መግዛት ዘመድንም ለፈተና ማጋለጥ ነው። የላኩበትን ደረሰኝ ሁሉ ማስቀመጥና በራስ ስም የሚደረግ ውል መፈረም ቅር ቢያሰኝም፣ ወንድምና እህት ፍርድ ቤት ከሚገናኙ ይህ ይሻላል።

ባንክና ፍርድ ቤት ደግሞ ድምፅ የሌላቸው ባለመብቶች ናቸው። ሻጩ ቤቱን አስይዞ ተበድሮ ከሆነ መያዣው ሻጩን ሳይሆን ቤቱን ይከተላል፤ ቤቱ ወደማን ቢሄድ ዕዳው አብሮ ይሄዳል። ባንኮች በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ተበዳሪው ባልከፈለ ጊዜ በውሉ ላይ ከተስማሙ ፍርድ ቤት ሳይሄዱ አስጠንቅቀው በጨረታ ሊሸጡ ይችላሉ። ካርታው ባንክ ካለ ሻጭ ኦርጅናሉን ማሳየት አይችልም፤ «ጠፍቶብኝ ምትክ እያወጣሁ ነው» የሚለው ምላሽ ብቻውን ገዢውን ማስቆም አለበት። የፍርድ ቤት እግድም እንደዚሁ በማኅደሩ ላይ ያርፋል፤ በቤቱ በር ላይ አይለጠፍም።

ይህን ሁሉ የሚሰማ ሰው ተቃውሞ ቢያነሣ ተገቢ ነው። የመጀመሪያው ተቃውሞ አገራችን በመተማመንና በሽማግሌ የኖረች ናት፣ ይህ ሁሉ ወረቀት ሰውን ከሰው ያራርቃል የሚል ነው። ሽማግሌ የሚመሰክረው ግን ሻጭና ገዢ መስማማታቸውን ነው፤ ሻጩ የሚሸጠው መብት እንዳለው ሊመሰክር አይችልም። በጠረጴዛው ዙሪያ ያሉ ሰዎች እርስ በእርስ መተማመናቸው ከጠረጴዛው ውጪ ላለችው ሚስት ወይም ወራሽ መልስ አይሆንም። ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት አለው፦ ሕጋዊው መንገድ ውድ ነው። በአዲስ አበባ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየው 4 በመቶ የስም ማዛወሪያና 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥ ነው፤ ሻጭም የካፒታል ዋጋ ዕድገት ግብር ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ በውሉ ላይ ዋጋ ዝቅ አድርጎ መጻፍ የተለመደ ሆኗል። ሒሳቡን እንሥራው። 5,000,000 ብር የተሸጠ ቤት 1,500,000 ተብሎ ቢጻፍ የ6 በመቶው ክፍያ ከ300,000 ወደ 90,000 ይወርዳል፤ የተቆጠበው 210,000 ብር ነው። የከተማው አስተዳደር የራሱን የዋጋ ግምት ሊይዝ ስለሚችል ያ ቁጠባም እርግጠኛ አይደለም። በሌላ በኩል ውሉ አንድ ቀን ቢፈርስ ፍርድ ቤቱ የሚነሣው ከተጻፈው 1,500,000 ነው፤ የቀረው 3,500,000 ብር እጅ በእጅ የተሰጠ፣ ደረሰኝ የሌለው ገንዘብ ሆኖ ይቀራል። 210,000 ለማዳን 3,500,000 ያለ ዋስትና መተው ጥሩ ንግድ አይደለም። ሦስተኛው ተቃውሞ መሥሪያ ቤቱ ያጉላላል የሚል ነው፤ እዚህ ላይ ተቃዋሚው ልክ ነው። ማኅደር ጠፋ፣ ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለሱ የሚሉ ቃላት ሰውን ወደ ውክልና የሚገፉ ናቸው፤ መንግሥት ለዚህ ተጠያቂ ነው። ገዢ ግን መሥሪያ ቤቱ እስኪሻሻል ሌላ ቤት የለውም፤ መጉላላቱ የሚያስከፍለው ጊዜ ነው፣ አቋራጩ የሚያስከፍለው ቤቱን ነው።

ብዙ ገዢ ግን በውል ማዋዋያው ፊርማ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። በሰነዶች ማረጋገጫ ፊት መፈረም ውሉን ያጸናል፤ ባለቤትነትን አያስተላልፍም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1185 የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነት በውል እንዲተላለፍ በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ላይ መጻፍ እንዳለበት ይናገራል፤ አንቀጽ 2878 ደግሞ ያልተመዘገበ ሽያጭ በሌሎች ሰዎች ላይ ውጤት እንደሌለው ያክላል። በፊርማና በስም ዝውውር መካከል ባለው ጊዜ፣ ሳምንትም ይሁን ዓመት፣ ካርታው የሻጩ ነው። የሻጩ አበዳሪ ቤቱን ሊያሳግድ ይችላል። አካባቢው ለልማት ቢፈለግ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 የሚከፈለው ካሳ የሚጠራው መዝገቡ ላይ ያለውን ስም ነው። ቁልፍ ተረክቦ፣ ቀለም ቀብቶ፣ ልጆቹን አስገብቶ የሚኖር ሰው ስሙን ለማዛወር ዓመት ሲያዘገይ ክረምት ሳይመጣ ጣሪያውን ያልጠገነ ቤተሰብ ይመስላል።

ስለዚህ ክፍያው መዝገቡን እየተከተለ ቢሄድ ይሻላል። ቀብዱ ቢጠፋ የማያደኸይ መጠን ሆኖ፣ ትልቁ ገንዘብ በባንክ ሲፒኦ በፊርማው ዕለት ሁሉም ባለመብቶች ተገኝተው ሲፈርሙ፣ የመጨረሻው ክፍል ደግሞ ካርታው በገዢው ስም ሲወጣ ቢከፈል። ሻጮች ይህን ይጠላሉ፤ ምክንያታቸውም አለ፤ ቤቱን አስረክበው ገንዘብ ሊቀርባቸው ይችላል። ሁለቱም ስም ሲዛወር ብቻ እንዲለቀቅ የተስማሙበት ዝግ ሒሳብ ባንክ ውስጥ ቢከፍቱ ሻጭ ገንዘቡ መኖሩን ያያል፣ ገዢም ገንዘቡ ከመዝገቡ እንደማይቀድም ያውቃል። ሻጩ ይህንን እምቢ ካለ፣ በካፌው ጠረጴዛ ላይ ቀብዱ ከመቆጠሩ በፊት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ያው ነው፤ መልሱም በወረቀት መምጣት አለበት፦ ባለቤትዎ ማን ናቸው፣ ዛሬ ለምን አልመጡም?